ቡናማው አፈራችን ቤተ ሙከራ ይሁነን

አፈር ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው እርሻ ነው። ይሁን እንጂ አፈር የቀለም ምንጭም ነው። ፋብሪካ ሠራሽ ቀለም ከመስፋፋቱ አስቀድሞ የሰው ልጅ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት ቆፍሮ፣ ፈጭቶና በውሃ አጣርቶ ባገኘው ቀለም ሲጠቀም ኖሯል።

የእነዚህ ቀለሞች ምስጢር ብረት ነው። ጎታይት የተባለው የብረት ማዕድን ቢጫውን ኦከር፣ ሄማታይት ደግሞ ቀዩን ያስገኛል። ከጎታይቱ ጋር ጥቂት ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ሲኖር በጣልያን ከተማ ስም የሚጠራው ሲየና፣ ማንጋኒዙ ሲበረክት ደግሞ ጠቆር ያለው ቡናማ ኡምበር ይገኛል። ጎታይት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ውሃ እየለቀቀ ወደ ሄማታይት ይለወጣል፤ ቢጫውም ይቀላል። ሠዓሊዎች «የተቃጠለ ሲየና» የሚሉት ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1976 በተደረገው ቁፋሮ፣ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ 4213 የኦከር ቁርጥራጮች ከመፍጫ ድንጋዮች ጋር ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ዛሬም የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ያስውባሉ። በየገጠሩ ግድግዳቸውን በአፈር የሚለቀልቁ እናቶች የትኛው አፈር የት እንደሚገኝ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የፋብሪካ ቀለም ሲስፋፋ ግን ይህ ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋር ማለፉ አይቀርም።

በሌላ በኩል «ኬሚካል ስለሌለ ሙከራ አልሠራንም» የሚለው ቃል በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደ ነው። የኬሚካል እጥረቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ከደጃችን ያለውን ሳንመረምር እጅ አጣጥፈን መቀመጣችን አግባብ አይመስለንም።

አፈር ማሞቅ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ጨዋታውን ሳይንስ የሚያደርገው ግን ሚዛንና መዝገብ ነው። ቢጫ አፈር በውሃ በጥብጠን አሸዋው ሲዘቅጥ ደቃቁን ቀድተን እናድርቀው፤ ከዚያም መዝነን በብረት ዕቃ በከሰል እሳት ላይ እናሙቀውና እንደገና እንመዝነው። ንጹሕ ጎታይት ሙሉ በሙሉ ወደ ሄማታይት ሲለወጥ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ከኬሚካል ቀመሩ ማስላት ይቻላል። የእኛ አፈር ከዚህ ያነሰ ወይም የበለጠ ቢያጣ ምክንያቱ ምንድን ነው? ሸክላው ነው? እርጥበቱ ነው? ወይስ የተቃጠለው ብስባሽ? እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። እርግጥ ማንጋኒዝ ያለበት ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሥራውንም ነፋሻ በሆነ ቦታ ማከናወን ያስፈልጋል።

ስለዚህ የየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ከአካባቢው አፈር ናሙና ይሰብስብ፤ የተገኘበትን ቦታ፣ ከመሞቁ በፊትና በኋላ ያለውን ቀለም፣ አረጋውያን የሚጠሩበትንም ስም ይመዝግብ። ጠይም፣ ዳማ፣ ቡላ እያለ የቡናማን ደረጃ የሚለይ ቋንቋ ያለው ሕዝብ፣ የቀለሙን ምንጭም በሳይንስ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።