መብራቱ ቺንጋውን አያየውም

«የዳሽቦርዱ መብራት ሳይበራ የታይሚንግ ቺንጋ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ሸጎሌ ላይ ሚኒባስ ቢያሠሩ ኖሮ ይህን አይጽፉም ነበር።

መብራቱ እኮ ቺንጋውን አያየውም! በቶዮታ የናፍጣ መኪኖች ላይ የምናውቀው ይህ መብራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በብዙዎቹ የድሮ ሞዴሎች 100 ሺህ ሲሞላ ይበራል። ከሸጎሌ መርካቶ በሰልፍ የሚጎተት ሚኒባስ ግን ቆሞም ሞተሩ ይዞራል፤ ቺንጋውም አብሮ ይዞራል፣ ቆጣሪው ግን ንቅንቅ አይልም። ቺንጋው ደግሞ ጎማ ስለሆነ መኪናው ባይነዳም በዕድሜ ይሰነጣጠቃል፤ የሞተር ዘይት ከነካውማ ቶሎ ያልቃል። በሁለተኛ እጅ የተገዛ መኪና ቆጣሪ ወደኋላ መመለሱንስ ማን ያጣዋል?

«ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?» ብለዋል። በአንዳንድ የድሮ ኮሮላ የቤንዚን ሞተሮች እውነት ነው። ቪትዝማ ሰንሰለት ስላለው ጉዳዩ አይመለከተውም። ናፍጣ ላይ ግን ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወጪው የቺንጋ ሳይሆን የሞተር ነው።

ስለዚህ ባለ ናፍጣ ሆይ፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለህ መብራቱን አትጠብቅ፤ ከነወጣሪው ኩሽኔታ አስቀይርና ቀኑን ጻፍ።