የደርግ ዘመን ሐውልቶች ለአዲስ አበባ ጎብኚ ምን ይነግራሉ?

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚያቀና ጎብኚ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የትግላችን ሐውልት ያገኛል። ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ፣ አካሉ ላይ መዶሻና ማጭድ ያለበት ይህ ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ የተሠራ ሲሆን፣ በከተማዋ ከቀሩት የሶሻሊስቱ ዘመን ቅርሶች ግንባር ቀደሙ ነው።

ሐውልቱ የቆመው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነበር። በዓሉ የተከበረውና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ የተመሠረተው በመስከረም ወር 1977 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወቅት በወሎና በትግራይ የነበረው ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር። ከኮረም የተነሣው ምስል በጥቅምት ወር ለዓለም ሲሰራጭ፣ መዲናዋ ለበዓሉ ያጌጠችበት ጊዜ ገና አንድ ወር ብቻ አልፎታል። ጎብኚው የሐውልቱን ግዝፈት ሲመለከት ይህን ታሪክ ካላወቀ፣ ያየው ግማሹን ብቻ ነው።

ከሐውልቱ ግራና ቀኝ ያሉት የቅርጽ ግድግዳዎች የአብዮቱን ታሪክ ያስቀመጡት ገዥው ወገን ሊያየው በፈለገው መልኩ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሕዝቡን ሲመሩ ይታያሉ፤ በመንገድ ላይ ተረሽነው ስለተጣሉት ወጣቶች ግን ግድግዳው አይናገርም። ይሁን እንጂ ሥፍራው የሥርዓቱ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና አብረዋቸው የተሰለፉ ኩባውያን መታሰቢያም ነው። ወታደሮቹ የሞቱት የሀገር ዳር ድንበር ለማስከበር በመሆኑ፣ የፓርቲው ምልክት ተጠልቷልና ሐውልቱ ይፍረስ ማለት የእነርሱንም መታሰቢያ አብሮ ማፍረስ ይሆናል።

የሌኒን ሐውልት ዕጣ ከዚህ ይለያል። በ1976 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ አካባቢ ቆሞ የነበረው ይህ ሐውልት፣ ፊቱን ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በማዞሩ በከተማው ነዋሪ ዘንድ የቀልድ ምንጭ እንደነበር ይታወሳል። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከሀገር በወጡ በቀናት ውስጥ ሐውልቱ ወረደ። በሌኒን ስም የወደቀ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ መታሰቢያውን ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረምና፣ ሲወርድ ተከላካይ አላገኘም።

ሦስተኛው መንገድ የሚታየው በመስቀል አደባባይ ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ የተጠራው ይህ ሥፍራ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች ከፍ ብለው የታዩበት ነበር። በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን የከሰከሱትና ለቀይ ሽብር ዘመቻ ጥሪ ያሰሙት በዚሁ አደባባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአደባባዩ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። በውስጡ የሟቾች ፎቶግራፍ፣ ልብስና አፅም ይገኛል። የሙዚየሙ ትርጉም የሚጎላውም ሥፍራው ራሱ ምስክር በመሆኑ ነው፤ ጥሪው ከተሰማበት ቦታ እስከ ሰለባዎቹ ፎቶግራፍ ያለው ርቀት የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።

ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ጎብኚ ደግሞ ሌላ ንጽጽር ያገኛል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች ለተጨፈጨፉት ኢትዮጵያውያን የቆመው ሐውልት፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፅያን ሥራ ነው። ዩጎዝላቪያ በወቅቱ በቲቶ የምትመራ ሶሻሊስት ሀገር ብትሆንም፣ ሐውልቱ የተሠራው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። ሦስት ሥርዓተ መንግሥታት ሲፈራረቁ ማንም አልነካውም፤ በየዓመቱም የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ የሚገኘው፣ ምሥራቅ ጀርመን ያበረከተችው የካርል ማርክስ ሐውልት ግን ይህን መሰል ሥነ ሥርዓት የለውም። የሁለቱ ልዩነት ከየትኛው ርዕዮተ ዓለም ሀገር እንደመጡ አይደለም፤ አንደኛው የከተማይቱን ሙታን ሐዘን መሸከሙ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሐውልትን ማፍረስ በደሉን አይሽረውም፤ እንዳለ ትቶ በዝምታ ማለፍም የሠሪውን ቃል ብቻ ለትውልድ ማስተላለፍ ይሆናል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። ስለዚህ ትግላችን ሐውልት ሥር የቆመ ተማሪ፣ በጦር ግንባር ለወደቀው ወታደር ክብሩን እየሰጠ፣ ወታደሩን ያዘመተው መንግሥት በራሱ ዜጎች ላይ የፈጸመውንም ማወቅ ይገባዋል። ይህን የሚያሟላለት ከሐውልቱ ወደ ሙዚየሙ የሚያደርገው ጉዞ ነው፤ ሁለቱን አያይዞ የሚያስጎበኝ ሰው የአዲስ አበባን የቅርብ ታሪክ ሳይቆራርጥ አስረክቧል ማለት ይቻላል።