ቪትዟን ከማስጮህ በፊት

«ባለቤቴ ያጠራቀምነውን ገንዘብ በሰፊ ቸርኬና በስፖርት ማርሚታ ላይ ሊያውለው ነው። እኔ ደግሞ መኪናችን ዳገት ላይ ለምን እንደምትደክም መጀመሪያ ይታይ እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

ይህን ጥያቄ የላኩልን አዘና የሚኖሩ እናት ናቸው። ቤተሰቡ ያለው ባለ 1000 ሲሲ ቶዮታ ቪትዝ ነው። በሥራ ቀን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ቅዳሜ ዕቃ ለመሸመት እንጅባራ ትሄዳለች፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ሁሉንም ጭና አዲስ አበባ ድረስ ትዘልቃለች። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው አንባቢያን ብዙ ስለሆኑ የዚህ ወር ዓምዳችንን ለእሱ ሰጥተነዋል።

በመጀመሪያ ለባለቤትየው እንከራከርላቸው። የመኪናቸው ጉልበት እንዲጨምር መፈለጋቸው የልጅነት ነገር አይደለም። የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ ለመቅደም ወጥቶ መኪናው «እምቢ» ያለበት ሰው ፍርሃቱን ያውቀዋል። ጥያቄው ያ ጉልበት ከየት ይገኛል የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ እሳቸው ካሰቡበት ቦታ አይገኝም።

ጉልበቷ የት ሄደ?

የባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ቁጥር ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የአዊ ሰው በ70 ፈረስ ሒሳብ የገዛት መኪና በተግባር የምትሠራው በ50 እና በ55 መካከል ባለ ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባም ከፍታዋ ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ የዚያ ከተማ ነዋሪም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

በዚህ ላይ ጭነቱን ይደምሩበት። ቪትዝ ባዶዋን ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ትጠጋለች። አራት አዋቂዎችና ሻንጣዎቻቸው 300 ኪሎ ግራም ቢሆኑ የመኪናዋን ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ጨመሩባት ማለት ነው። ከኋላ አንድ ጆንያ ድንች ወይም ከሰል ሲገባ ደግሞ ዳገቱ ላይ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ የድሮዎቹንና የአሁኖቹን መኪኖች መለየት ይገባል። ካርቡሬተር ያላት እንደ ዲኤክስ ያለች መኪና ለቆላ ተስተካክላ ደጋ ላይ ስትነዳ ቤንዚን ይበዛባትና ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ጥሩ መካኒክ ካርቡሬተሩን ሲያስተካክልላት ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። የቪትዝን የነዳጅ መጠን ግን ኮምፒውተሯ ራሱ ከአየሩ ጋር ያመጣጥነዋል። ስለዚህ «ለደጋ ላስተካክልልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ በትክክል ምን እንደሚነካ ይጠይቁት።

አንድ ወር በማስታወሻ

ማንኛውም ለውጥ ከመጀመሩ በፊት አንድ ተራ ደብተር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ለአንድ ወር ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉበት። አንደኛ፣ ስንት ሊትር ቀድተው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ። ሁለተኛ፣ መኪናዋ የት ቦታ፣ ስንት ሰው ጭና፣ በስንተኛ ማርሽ እንደደከመች። ሦስተኛ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ፍሬኑ ከጮኸ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ያ የሆነበት ቀን።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሩ አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ካሰቡት የተለየ ነገር ይናገራል። «ጉልበት የላትም» የተባለችው መኪና ችግሯ አንድ ጎማ ላይ የያዘ ፍሬን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከለውጡ በኋላ የሚጻፈው ወር ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ ሥራ መሥራቱን ያሳያል።

ደረጃ አንድ፦ የነበራትን መመለስ

ርካሹ ጉልበት መኪናዋ ቀድሞ የነበራትና ቀስ በቀስ ያጣችው ነው። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠራችው ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው ያላት። አንድ ካንዴላ በትክክል ካልሠራ የጉልበቷን ሲሶ አጣች ማለት ነው። የአየር ፊልትሮም እንደዚሁ ነው። በበጋ የጠጠር መንገድ አቧራ ጠግቦ ከሆነ፣ መጀመሪያም የሳሳውን አየር ጭራሽ ያሳንሰዋል። አውጥተው ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር።

የጎማ ንፋስ በሾፌሩ በር ጎን በተለጠፈው ልክ መሆኑን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ። የጎደለ ጎማ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር ነው። ትንሽ መንገድ ሄደው ሲቆሙም እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩት ግን። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ እዚያ ያለው ፍሬን አልለቀቀም፤ ሞተሩ ሌት ተቀን ከገዛ ፍሬኑ ጋር እየታገለ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻም ጭነት። ጣሪያ ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠው ፖርቶ መጋላ፣ ከኋላ ተረስቶ የከረመው ዕቃ ይውረድ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው «ማሻሻያ» ነው። ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን ግን ክብደት ለመቀነስ ብለው እንዳያወርዱ።

ደረጃ ሁለት፦ ማቆም ከመሮጥ ይቀድማል

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናን ለማቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በ10 ሜትር የምትቆም መኪና በ80 ስትሄድ 40 ሜትር ትፈልጋለች፤ ያውም ሾፌሩ ነገሩን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያለፈው ርቀት ሳይቆጠር። ስለዚህ ጉልበት ለመጨመር የሚያስብ ሰው ፍሬኑን አስቀድሞ ማጠናከር አለበት።

ለዕለት መኪና ውድ የውድድር ፍሬን አያስፈልግም። ደህና ጥራት ያለው የፊት ፓድ፣ ያልተቦረቦረ ዲስክ፣ የኋላው ሸራ በትክክል መስተካከሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ የፍሬን ዘይት ይበቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ያለበት ዘይት ደግሞ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ያለበት ፍሬን ሲረገጥ ባዶ ሆኖ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ቆላ ለሚወርድ፣ ወይም በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ያለውን የአባይ በረሃ ለሚያቋርጥ ቤተሰብ ይህ ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ከዕቃው እኩል የአነዳዱ ዘዴ ይጠቅማል፦ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝልዎ።

ወደ ጎማ እንምጣ። አዲስ ብለው የሚሸጡልዎትን ጎማ ዕድሜ ከጎኑ ማንበብ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2321 ካለ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል። ዝናቡ በሚበረታበት የአዊ ክረምት ደግሞ የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይዝም።

የባለቤትየው ሰፊ ቸርኬስ? ቸርኬው በአንድ ኢንች ሲያድግ አጠቃላይ ቁመቱ እንዳይለወጥ የጎማው ግድግዳ መሳሳት አለበት። ቀጭን ግድግዳ አስፋልት ላይ መሪውን ፈጣን ያደርገዋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ጎማው ይቀደዳል ወይም ቸርኬው ይጎብጣል። ግድግዳው ሳይሳሳ አጠቃላይ ቁመቱ ከጨመረ ደግሞ ለትንሿ ሞተር ማርሹ ከብዶባት ዳገት ላይ ከበፊቱ ይልቅ ትደክማለች፤ ፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ጠጠርና አስፋልት በሚቀያየርበት አገር የፋብሪካውን መጠን ጠብቆ የተሻለ ጎማ መግዛት ከቸርኬ ለውጥ የበለጠ ይክሳል።

ደረጃ ሦስት፦ ከሥር ያለው አካል

በጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ተመልካቹ የፈረሱን ጌጥ ያደንቃል። ፈረስ ያሳደገ ሰው ግን ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እግሩና ኮቴው ላይ ነው። መኪናም እንደዚያው ናት።

ያረጀ ሾክ አብዞርበር፣ የተበላ ጎሚኒ፣ የላላ ቴስታ ያላት መኪና ጎማዋ መንገዱን በደንብ ስለማይረግጥ መሪዋም ፍሬኗም ይዳከማል። የመኪናዋን አንድ ጥግ ተጭነው ይልቀቁት፤ አንድ ጊዜ ተነሥታ ካልረጋች፣ ከተወዛወዘች፣ የዚያ ጎን ሾክ አብዞርበር አልቋል። ሲቀየር ሁልጊዜ በጥንድ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ አላይመንት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «አዲስ መኪና ሆነች» የሚለው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው።

ሞላ ቆርጦ ማሳጠር የሚባለውን ፋሽን ግን ይርሱት። የቪትዝ ሆድ መጀመሪያውኑ ለመሬት ቅርብ ነው። ከዚያ ይልቅ ከሞተሩ ሥር ጠንካራ የላሜራ መከላከያ ማሠራት የዘይት ቋቱን ከድንጋይ ያድነዋል። ለጠጠር መንገድ ከዚህ የተሻለ የጀማሪ ማሻሻያ ማግኘት ይከብዳል።

ሞተሩ በመጨረሻ

አሁን ወደ ማርሚታው። ቱርቦ የሌላት ትንሽ ሞተር የስፖርት ማርሚታ ሲገጠምላት በዋናነት የሚጨምረው ድምፅ ነው። የሚገኘው ጉልበት ሾፌሩ ለይቶ ሊያውቀው የማይችል ነው። ጎረቤቱና የተኛው ሕፃን ግን ለይተው ያውቁታል። ኮፈኑን ሲከፍቱ ያምር ዘንድ የሚገጠመው ክፍት የአየር ፊልትሮም ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ትኩስ አየር ስለሚስብ ዳገት ላይ ጭራሽ ጉልበት ሊያሳጣ ይችላል፤ አቧራ ካሳለፈ ደግሞ ሲሊንደሩን ይበላዋል። ኮምፒውተሯን ማስቀየርም በዚህች ሞተር ላይ የሚያመጣው ከጥቂት ፈረስ አይበልጥም። ቱርቦ የሳሳ አየርን በእርግጥ ይክሳል፤ ለቱርቦ ያልተሠራ ሞተር ላይ ሲገጠም ግን የሞተር ዕድሜ የሚከፈልበት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

አውቶማቲክ ከሆነች፣ በፋብሪካው የታዘዘውን ዓይነት የካምቢዮ ዘይት በጊዜው ማስቀየር ከእነዚህ ሁሉ በላይ ይጠቅማታል። የማይስማማ ዘይት መጨመር ግን ካምቢዮውን ይገድለዋል።

ወረቀቱና ዋጋው

የሞተር፣ የሻንሲ ወይም የቀለም ለውጥ ካሰቡ ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ከመኪናው ጋር ካልተስማማ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ጣጣ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎትም ለውጡን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ሌላም ማሰብ ያለብዎ ነገር አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ ደጅ ላይ የቆመችው ቪትዝ የቤተሰቡ ትልቅ ንብረት ናት፤ ብትበላሽ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አትተካም። ሽቦ የሚያስቆርጥ፣ አካል የሚያስበሳ ለውጥ አይፍቀዱ። የሚነሡትን የፋብሪካ ዕቃዎችም ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ሊሸጧት ሲፈልጉ ገዢ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

እንግዲህ ለጠያቂያችን የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። በቅደም ተከተሉ እርስዎ ልክ ነዎት፤ በፍላጎቱ ባለቤትዎ። ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ አራት ላይ ክፈሉት። ሁለቱ እጅ ለፍሬንና ለጎማ፣ አንዱ እጅ ለሰርቪስ፣ ለሾክ አብዞርበርና ለጎሚኒ ይዋል። አራተኛውን እጅ ለሦስት ወር አትንኩት፤ ጋራዥ ሥራ ሲጀምር የማይታሰብ ነገር ሁልጊዜ ይወጣል። ሦስቱ ወር ሲያልፍ ደብተሩን ገልጣችሁ አብራችሁ አንብቡ። የተረፈ ገንዘብ ካለና ሥራው ሁሉ ካለቀ፣ ባለቤትዎ የፈለጉትን ጌጥ ይምረጡ፤ ደስታም የመኪና አንዱ ጥቅም ነው። ማርሚታውን ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዳያስነሡት።