የሥራ ስንብት ክፍያ ምጽዋት አይደለም

ድርጅት ሲዘጋ የመጀመሪያው በትር የሚያርፈው በላቡ በሚያድረው ወዛደር ላይ መሆኑ እሙን ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 102 የሥራ አጥነት ድጎማን ከዘጠኙ የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ ቢያደርገውም፣ በአገራችን ይህን የሚከፍል የመንግሥት ፈንድ የለም። የተሰናባቹ ምርኩዝ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው።

ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ሲሶ፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ለተዘጋበት ወይም በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ይታከላል። እንግዲህ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ድርጅቱ ቢዘጋበት የ180 ቀን ደመወዝ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የክፍያው ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ነገ ና» የሚለው ማባበያ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

መሠረታዊው ድክመት ግን ከፋዩ ያው አሠሪ ብቻ መሆኑ ነው። ድርጅቱ ሲከስር ሕጉ ለሠራተኛው ዕዳ ቅድሚያ ቢሰጥም፣ ባዶ ካዝና እንጀራ አይሆንም። ዘላቂው መፍትሔ ሁለቱም ወገኖች በደኅናው ቀን የሚያዋጡበት የሥራ አጥነት መድን ማቋቋም ነው።

እስከዚያው ሠራተኛው የቅጥር ውሉንና የደመወዝ ማስረጃውን ይጠብቅ፤ የሠራተኞችና የነዋሪዎች ማኅበራትም ሕጉን ላላወቀው ያሳውቁ። በጊዜው ያልተጠየቀ መብት የተነጠቀ መብት ነው!