ያልታረመ ቅጂ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና፥ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ የእንፍራንዝን ከተማ ከበላይ ሆኖ የሚያያት የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ ይነገርለታል። በዘመን ብዛት ከፊሉ ቢፈርስም፥ የንጉሡ ዜና መዋዕል ግን ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው እየተገለበጠ ከእኛ ዘመን ደርሷል።

ይህን ማንሣቴ ስለ ዛሬው የቅጂ አያያዛችን ያለኝን ሥጋት ለመግለጽ ነው። የሠርጉ ቪዲዮ፥ የጥምቀቱ ፎቶግራፍ፥ የሰበካ ጉባኤው መዝገብ፥ እንዲያውም በካሜራ የተነሣው የብራና መጽሐፍ ሳይቀር፥ በየፎቶ ቤቱና በየደብሩ ጽሕፈት ቤት «ኤክስተርናል» በምንለው፥ መዳፍ በማይሞላው ሣጥን ውስጥ ብቻውን ተከማችቶ ይኖራል። አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኙት የተለመደው ዝርዝር ይቀርና ዲስኩ ፎርማት ይደረግ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ የተጨነቀውም ባለቤት፥ መሣሪያው መድኃኒቱን ያወቀ መስሎት፥ «አዎን» ይላል።

ነገር ግን ፋይሉ ተበላሸ በተባለ ጊዜ፥ ሥዕሉና ድምፁ በቦታው እያለ የተጎዳው የት እንደ ተቀመጠ የሚያመለክተው መዝገብ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም ጉዳት መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ጽሕፈቱ ሳይፈጸም ገመዱ ሲነቀል የሚደርስ ሲሆን፥ በተለይ ኤክስፋት በተባለው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት የተዘጋጁ ዲስኮች፥ እንደ ኤንቲኤፍኤስ የጀመሩትን ለውጥ አስቀድመው የሚጽፉበት ደብተር ስለሌላቸው፥ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ «አይሆንም» ብሎ በዲስኩ ላይ አንዳች ነገር ሳይጽፉ ማቆየት፥ ገመዱንና መሰኪያውን ለውጦ መሞከር፥ ከዚያም ዲዲሬስኪዩን በመሰለ መሣሪያ መላውን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፥ ቴስትዲስክ ወይም ፎቶሬክ የተባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች በግልባጩ ላይ ማሠራት ይገባል። ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም እንዲጠግን ሲታዘዝ በራሱ በዲስኩ ላይ የሚጽፍ እንደ መሆኑ መጠን፥ ግልባጭ ሳይያዝ አይነካም። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ሕመሙ የአካል ነውና ወዲያው ነቅሎ ለባለሙያ መስጠት እንጂ ሣጥኑን በቢላዋ መክፈት ጥፋቱን መፈጸም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በሾርትከት ቫይረስ ምክንያት የሚጠፋው ነው። ፍላሽና ዲስክ ከኢንተርኔት ቤት ወደ ፎቶ ቤት፥ ከፎቶ ቤት ወደ ቢሮ በሚዘዋወርበት በአገራችን እጅግ የተለመደው ይህ ቫይረስ ፋይሎቹን ሰውሮ በስማቸው የሾርትከት ምልክት ያስቀምጣል። ፋይሎቹ ግን በስውር አሉ፤ ቫይረሱን ካጸዱ በኋላ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ ስውርነታቸውን መግፈፍ ይቻላል። በዚህ ቀላል ነገር ሊድን ሲችል «ተበላሽቷል» ተብሎ ፎርማት የተደረገው የሕዝብ መታሰቢያ ብዙ ነው።

አበው ይህን ችግር በሌላ መልኩ ያውቁት ነበር። ቁም ጸሐፊው መጽሐፉን ጽፎ ሲፈጽም ሥራው አለቀ አይባልም ነበር፤ አዲሱ ቅጂ ከተገለበጠበት መጽሐፍ ጋር እየተመሳከረ ይነበባል፤ የተሳሳተው ቃል ተፍቆ፥ የተዘለለው በመሥመር መካከል ወይም በኅዳግ ገብቶ፥ ከታረመ በኋላ ወደ ማኅደሩ ይገባል። እኛ ግን ሺህ ፋይል ገልብጠን አንዱን እንኳ ከፍተን ሳናይ በመሳቢያ እንቆልፍበታለን። የእርማቱን ሥራ ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈጽመዋል፤ ሻ 256 የሚባለው ስሌት ከእያንዳንዱ ፋይል አጭር ቍጥር ያወጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቍጥሩም ስለሚለወጥ፥ ዋናውና ግልባጩ አንድ መሆናቸው ይታወቃል።

በሁለት ስፍራ ማስቀመጥም ለአገራችን አዲስ ምክር አይደለም። በጀርመን አገር ያስተምር የነበረው ሊቅ ኤርነስት ሐመርሽሚት በ1961 ዓ.ም. ገደማ የጣናን ገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ ካታሎግ አዘጋጀ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ሲያነሣ፥ ፊልሙ በአዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኔሶታ በምትገኘው ኮሌጅቪልም እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ካታሎጉን ለማዘጋጀት ዘመናቸውን የሰጡት በዚያው ነው።

እንግዲህ የእንፍራንዝና የአካባቢዋ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ባለ ፎቶ ቤቶች ሆይ፥ የሁለተኛ ዲስክ ዋጋ ለአንድ ደብር ወይም ለአንድ ሱቅ ቀላል እንዳልሆነ ባውቅም፥ ከመጪው ጥምቀት በፊት አንድ ተጨማሪ ዲስክ ግዙ፤ ያላችሁን ሁሉ ገልብጣችሁ፥ ግልባጩን ከዋናው ጋር አመሳክራችሁ፥ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር በሚታመን ሰው እጅ አኑሩት፤ በየዓመቱም እየከፈታችሁ ተመልከቱት።