የአራስ ቤት ዕዳ

በመቱ፣ በጎሬና በያዮ የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባው ከጥቅምት ወዲህ፣ ለቀማው ሲጀመር ነው። ምጥ ግን ለቀማን አይጠብቅም። በክረምት ወሯ የገባ እናት ያለችበት ችግረኛ ቤት ገና ያልቀላ ቡናውን በርካሽ ለመሸጥ ወይም አራጣ ለመበደር ይገደዳል፤ ሕፃኑም ከነዕዳው ይወለዳል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ነፃ ነው፤ ለዚህ ተብሎ አራጣ አበዳሪ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ገንዘብ የሚጠይቀው መጓጓዣው፣ የሕፃኑ ልብስ፣ የገንፎው እህልና ቅቤው ነው። ተቀጣሪ እናት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ታርፋለች። ጉሊት የምትቸረችረው ግን ካልወጣች ገቢ የላትም። እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የእሷ ነገር ነው።

ባሎች ሆይ፣ ዕዳችሁን ከሚስቶቻችሁ አትደብቁ፤ የተደበቀ ዕዳ በአራስ ቤት ሲገለጥ ጉዳቱ ይብሳል። ዕቁብተኞች የቅድሚያውን ዕጣ ለነፍሰ ጡሯ ይልቀቁላት። የብድርና ቁጠባ ማኅበራትም የመክፈያ ጊዜዋን እስከ ቡና ለቀማው ያራዝሙላት።