የባለደብተሯ ባዶ ገጾች

ከኢስታንቡል ልብስ እያመላለሰች የምትነግድ ጎረቤታችን ባለፈው ወር ለእህቴ ልጅ ማሊያ አመጣችላት። ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለው የቱርኩ እግር ኳስ ክለብ የፌነርባቼ ማሊያ ነው። ከክለቡ ሱቅ ይገዛ ከመንገድ ዳር አልጠየቅኩም፤ ስፌቱ ራሱ ይመሰክራል። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቷ ቡድን አጥቂ ሆና ትጫወታለች፤ ጫማዋ ከወር በላይ ከርሞ አያውቅም። ማሊያውን ለብሳ መስታወት ፊት ሁለት ጊዜ ከዞረች በኋላ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄንን የምትለብስ ሴት አለች?»

«አለች እንጂ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ማን ትባላለች?»

ያን ጊዜ የያዝኩት ቡና ትዝ አለኝ፤ ፉት ማለት ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ቱርክን የማውቃት እንደ ብዙዎቻችሁ በቃና ቴሌቪዥን ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ እየተናገሩ ሳሎናችን የገቡት የቱርክ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ሲካዱ፣ ሲበቀሉ፣ ባሕር ዳር ቆመው ሻርፓቸውን ነፋስ ሲጫወትበት አይቻለሁ። አንዷም ኳስ ስትመታ አላየሁም። የአማትና የምራት ጠብ መቶ ክፍል ይወጣዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ታኬታዋን አንጠልጥላ ከቤት የምትወጣ ልጅ ግን የአንድ ክፍል ዕድል እንኳ አላገኘችም።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ፈለግኩ። ያሙር ኡራዝ ትባላለች። «ያሙር» በቱርክኛ ዝናብ ማለት ነው። በ1990 የተወለደች አጥቂ ናት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ለብሔራዊ ቡድኗም ተሰልፋለች፤ ፌነርባቼ የሴቶች ቡድን ባቋቋመበት ዘመን ያንን ቢጫና ሰማያዊ ማሊያ ከለበሱት አንዷ ናት። የልጅቷ ጥያቄ ተመለሰ፤ እዚህ ላይ ኮምፒውተሬን ዘግቼ መነሳት እችል ነበር። እንዳልነሳ ያደረገኝ የልደት ዓመቷ ነው።

የቱርክ የሴቶች ሊግ የተጀመረው በ1993 ነው። በ2003 ተቋረጠ። እንደገና የተከፈተው በ2006 ነው። አሁን ቁጥሩን ከያሙር ዕድሜ ጋር አስተያዩት። ያሙር አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ፣ ማለትም ልክ በእህቴ ልጅ ዕድሜ፣ በአገሯ ውስጥ «አንድ ቀን እዚያ እጫወታለሁ» የምትለው ሊግ አልነበረም። ሲከፈት አሥራ ስድስት ሆኗታል። አጥቂ የሚሠራው በእነዚህ ዓመታት ነው። ተከላካይን ጀርባ ላይ ተሸክሞ መዞር፣ ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ግብ ጠባቂዋ የቆመችበትን ማወቅ፣ ሳቱ እየተባሉ ደግሞ መሞከር፣ ይህ ሁሉ ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ስድስት ባለው ጊዜ በጨዋታ ካልተለመደ በኋላ በልምምድ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ከያሙር በዕድሜ የምትቀድም ሌላ የቱርክ አጥቂ አለች፤ ቢልጊን ዴፍተርሊ። ስሟን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ቱርኮች «ዴፍተር» የሚሉት እኛ ደብተር የምንለውን ነው፤ ሁለታችንም ከአንድ የጥንት ግሪክ ቃል የወሰድነው ነው። ስሟ መጨረሻ ላይ ያለው «ሊ» ደግሞ «ባለ» እንደምንለው ነው። ሴትዮዋ እንግዲህ ባለደብተሯ ናት። ጎል ለምታገባ ሰው ከዚህ የተሻለ የአባት ስም ከየት ይገኛል?

ባለደብተሯ ግን ደብተሯን የሞላችው አገሯ ብቻ ተቀምጣ አይደለም። ጀርመን ሄዳ ለብራውቫይለር ፑልሃይም ተጫውታለች። ያ ቡድን በ2009 ወደ ኮሎኝ ክለብ ሲጠቃለል እሷም የኮሎኝን ማሊያ ለብሳለች። የቱርክን ብሔራዊ ቡድን ማሊያም ለብሳ ተጫውታለች። ተከላካይ ብትሆን ኖሮ የሠራችውን ለመመዘን የጨዋታውን ሰዓት ሁሉ ያየ ሰው ያስፈልግ ነበር። አጥቂ ግን በቁጥር ነው የምትዳኘው። ስንት ጨዋታ፣ ስንት ጎል፤ አለቀ። የእግር ኳስ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው፤ የኔም ጣት መጀመሪያ የሮጠው ወደዚያው ነበር።

ቁጥሩ የማይነግረን ነገር አለ። ሊግ ያልነበረባቸው ዓመታት ዜሮ ሆነው እንኳ አይመዘገቡም። ዜሮ ቢጻፍ ኖሮ «እዚህ ምን ሆነች?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ነበር። ባዶ ገጽ ግን ተዘሎ ይታለፋል። ስለዚህ ሁለት አጥቂዎች ተወዳድረው አንዷ መቶ ሌላዋ ሠላሳ ጎል ካላቸው፣ የሠላሳዋ ልጅ ደካማ ነበረች እንላለን። ሳር የተነጠፈላትንና ሊግ ያልተከፈተላትን በአንድ ሚዛን አስቀምጠን እንፈርዳለን። እኔ በዚህ አልስማማም።

የባዶው ገጽ ታሪክ ከ2003 በፊትም አለ። ኢስታንቡል ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዶስትሉክስፖር የሚባል የሴቶች ቡድን ነበር፤ «ዶስትሉክ» ወዳጅነት ማለት ነው። ስሙ መልካም ነው፤ ችግሩ ግን ሊግ አለመኖሩ ነበር፤ እስከ 1993 ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ያለ ሊግ ኳስ ተጫወቱ። ከዚያ ቡድን የወጣችው ላሌ ኦርታ በኋላ ዳኛ ሆነች፤ ዓለም አቀፍ ባጅ አገኘች፤ በ2022 ደግሞ የአገሪቱን የዳኞች ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቃች። እንደኔ እንደኔ አንድ ሙሉ ዓምድ የሚገባት እሷ ናት፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታ በ1995 ኢስታንቡል ላይ ከሮማኒያ ጋር ነበር። 8 ለ 0 ተሸነፉ። ስምንት ጎል መቀበል ያሳፍራል ለሚል ሰው አንድ ነገር ልበለው፤ ሮማኒያዎች የተጫወቱት ከአሥራ አንድ ተጫዋቾች ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከነዚያ ሃያ ባዶ ዓመታትም ጋር ነበር።

ወደ ክለቦቹ ስም እንምጣ። በቱርክ የሴቶች ኳስ ማን እንደሚከፍል ለማወቅ የሒሳብ መዝገብ መክፈት አያስፈልግም፤ ስማቸውን ማንበብ ይበቃል። በ1990ዎቹ ኃያል የነበረው ዲናርሱ የምንጣፍ ፋብሪካ ስም ነው። ሊጉ እንደገና ከተከፈተ በኋላ ዋንጫ ያነሳው ጋዚ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኢዝሚር የተነሳው ኮናክ የክፍለ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ቡድን ነው፤ ከ2013 ጀምሮ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግም የመጨረሻዎቹ 16 ውስጥ ገብቶ ነበር። አታሼሂር የሚባለው ክለብም የማዘጋጃ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ምርጫ አለበት፤ ከንቲባ ይቀየራል፤ በጀት ይታጠፋል። ፋብሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝበት መጀመሪያ የሚቆርጠው የኳሱን ወጪ ነው። የአንዲት አጥቂ ደብተር ላይ ያሉት ብዙ ክለቦች የዝውውር ጥማት የወለዳቸው እንዳይመስላችሁ። ክለቡ ከእግሯ ሥር ሲጠፋ ሌላ መፈለግ አለባት።

ታዲያ ሚሊዮኖች የሚደግፏቸው ትልልቆቹ የት ነበሩ? እዚህ ላይ አንድ ቀን ልንገራችሁ። መስከረም 20 ቀን 2011 ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። ፌነርባቼ ደጋፊዎቹ ሜዳ ገብተው በመረበሻቸው በዝግ ስታዲየም እንዲጫወት ተቀጥቷል። ፌዴሬሽኑ ቅጣቱን ቀይሮ ወንዶቹ ይከልከሉ፣ ሴቶችና ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን በነፃ ይግቡ አለ። ፌነርባቼ ከማኒሳስፖር ሲጫወት ከ41 ሺህ በላይ ሴቶችና ሕፃናት ሹክሩ ሳራጆሉ ስታዲየምን ሞሉት። ተጋባዡን ቡድን እንኳ በጭብጨባ ተቀበሉት። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ዓለም ተደነቀ፤ ጋዜጦች ፎቶውን አወጡ።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። የሴት ደጋፊ ወደ ሜዳ የገባችው በቅጣት መልክ ነበር! ከዚያም በላይ፣ ያን ቀን 41 ሺህ ሴትና ሕፃን በቢጫና ሰማያዊ ያጨበጨበለት ክለብ የሴቶች ቡድን አልነበረውም። ያሙር በዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ አጥቂ ጉልበቷ የሚፈላበት ዕድሜ። «የሴት ኳስ ተመልካች የለውም» የሚለውን ክርክር ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ ቀን ነው። ሴቶቹ መጥተው ነበር፤ በገፍ። የሚያዩአቸው ሴቶች ሜዳው ላይ ያልነበሩት ክለቡ ስላልፈለገ ነው።

በ1907 የተመሠረተው ፌነርባቼ የሴቶች ቡድን ያቋቋመው በ2021 ነው። መቶ አሥራ አራት ዓመት! ጋላታሳራይም በዚያው ዓመት ተከተለ። ቤሺክታሽ ግን ከሁለቱ ቀድሞ ገብቶ በ2019 ሻምፒዮን እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ይህን ማድረጉ ይመሰገናል። የ2021 ሌላው ትዝታ ደግሞ ቱርክ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ከሚከላከለው፣ በራሷ ከተማ ስም ከተጠራው የኢስታንቡል ስምምነት የወጣችበት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ሁለቱ ባላንጣዎች፣ ፌነርባቼና ጋላታሳራይ፣ የሴቶች ቡድኖቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኙ፤ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ይቁም በሚል መልእክት የተደረገ ጨዋታ ነበር። ፌነርባቼ 7 ለ 0 አሸነፈ። በወንዶቹ ደርቢ እንዲህ ያለ ውጤት ቢመዘገብ ከተማው ሳምንት አይተኛም።

ሰባት ለዜሮ ጥሩ ደርቢ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ዓመት ሊጉ በአንድ ጊዜ 24 ቡድን ስላስገባ ትልቁ ትንሹን ያለ ርኅራኄ የጨፈለቀባቸው ቅዳሜና እሑዶች ነበሩ። ከኢራንና ከኢራቅ ድንበር ጥግ የመጡት የሃካሪ ልጆች ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ኢስታንቡል ይገጥሙ ነበር። ቸኩሏል ያሉ ነበሩ፤ እኔ ዘግይቷል ባይ ነኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጋላታሳራይ ሻምፒዮን ሆኖ በ2024 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የቱርክ ክለብ ሆነ። ምድቡ ሊዮን፣ ቮልፍስቡርግና ሮማ ነበሩበት፤ ምን እንደገጠማቸው መገመት አያቅትም። ያም ሆኖ ሊዮንን ገጥሞ መሸነፍ ማንንም ሳይገጥሙ ከመቅረት ይሻላል።

ያሙር የፌነርባቼን ማሊያ ስትለብስ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ገበሬ ቢጠይቁት ዝናብ ከመቅረቱ ይልቅ የሚከፋው ዘግይቶ መምጣቱ ነው ይላችኋል፤ ዘሩ አንዴ መሬት ገብቷልና። በሷ ላይ የሆነው ግን ግልባጩ ነው። ዝናቧ በወቅቱ ነበረች፤ የዘገየው ማሳው ነው።

ይህ ታሪክ ለኛ ሠፈርም ሩቅ አይደለም። ሊጉ በር ሲከፍት ከምሥራቅ አፍሪካ የገቡ አጥቂዎች አሉ። ኬንያዊቷ ኤሴ አኪዳ በ2021 ለቤሺክታሽ ፈረመች። ታንዛኒያዊቷ ኦፓ ክሌመንትም ቱርክ ሄዳ የቤሺክታሽን ማሊያ ለብሳለች። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ ደግሞ የሜዲትራኒያንን መንገድ በማልታ በኩል ጀምራ በቢርኪርካራ ማሊያ በአንድ የውድድር ዓመት 30 የሊግ ጎል አስቆጥራለች። ሎዛ ማልታ ስትሄድ «ትንሽ ሊግ ነው» ያሉ ነበሩ። ትንሽም ቢሆን ሊግ ነው፤ የሚመዘግብ ደብተር አለው።

ለእህቴ ልጅ ስሙን ነገርኳት፤ ያሙር። ትርጉሙን ስነግራት ደስ አላት፤ ማሊያው ጀርባ ላይ በአማርኛ «ዝናብ» ተብሎ ይጻፍልኝ ብላ እናቷን ስትነዘንዝ ሰንብታለች። ስለ ሦስቱ ዓመታት ግን አልነገርኳትም። በዚህ ዕድሜ ሊግ የሚባል ነገር ሊዘጋ እንደሚችል ማወቅ ያለባት አልመሰለኝም።

እናንተ የስፖርት ጋዜጠኞች ወዳጆቼ ግን ልለምናችሁ። የሴት አጥቂን ጎል ስትቆጥሩ፣ ከቁጥሩ አጠገብ የምትጫወትበት ሊግ ስንት ዓመት እንደነበረም ጻፉልን። የቱርክ የሴቶች ሊግ ሻምፒዮኖችን ዝርዝር ከፍታችሁ ብታዩ፣ ከ2003 እስከ 2006 ባሉት መስመሮች ላይ የማንም ስም የለም።